ያልሞተው ማሽላ

በሽሌ ሜዳ ማሽላው ከተኛ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ቁመቱ ከጉልበት አላለፈም። ቅጠሉ እንደ ጥንጥን ተጠቅልሎ፣ አመድ መስሎ፣ ነፋስ ሲመጣ እንኳ ሳይወዛወዝ ቆሟል። እንግዳ ሰው ቢያየው ደርቋል ብሎ ያልፋል። የሽሌ ሜዳ ሰው ግን ከማሳው አጠገብ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ያዘዘ ሕግ የለም፤ እንዲያው ተለመደ።

ሕግ ያዘዘው ሌላ ነው። ማሽላው ተኝቶ ሳለ ማሳ ውስጥ እግር አይገባም። ከላይኛው አፈር ሥር፣ ማሽላውን ውሃ እንዲያጠጣ ከዘሩ ጋር የተዘራው እርሾ ክሩን እንደ ሸረሪት ድር ከሥር ወደ ሥር ዘርግቷል፤ የሰው ተረከዝ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ከቤት ወደ ቤት የሚኬደው በድንጋይ መርገጫ ላይ ነው። ሕፃናቱም መራመድ የሚማሩት በድንጋይ ላይ በመሆኑ፣ ከተማ የሄዱ እንደሆነ ለጥ ባለ መንገድ ላይ እግራቸውን አንስተው ሲጥሉ ሰው ይስቅባቸዋል። ፍየል የለም። ውሻ ታስሮ ይውላል። ሠርግ ያለበት ከበሮውን ይዞ ከጉብታው ማዶ ይሻገር ነበር፤ አሁን ሠርጉም ቀርቷል። የታጩት ሁሉ "ሲነቃ" እየተባባሉ ይጠባበቃሉ። ሰላምታውም ተለውጧል። "እንዴት አደራችሁ?" ያለ ሰው "ማሽላውስ እንዴት አደረ?" ሳይል አያልፍም። መልሱ "ተኝቶ" ነው።

አራጋው የሰብል መርማሪ ነው። በየወሩ ከቆቦ ከተማ እየወረደ የሜዳውን ማሳዎች ያዳምጣል። ሞተር ሳይክሉን ጉብታው ላይ ያቆምና ጫማውን አውልቆ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ስስ ጫማ ያጠልቃል፤ ከዚያ ቀጭኗን የማዳመጫ ዘንግ ይዞ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል። ዘንጓን ከማሽላው ሥር ተክሎ፣ ከእሷ ጋር የተያያዘውን መስሚያ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የተኛ ማሽላ በረጅም ጊዜ አንዴ ጠብ የምትል ድምፅ ያሰማል፤ ክሩ ከጥልቅ የሳባት ውሃ ናት። የሞተ ዝም ይላል። ሰምቶ ሲጨርስ አራጋው ከባለማሳው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ተኝቷል" ወይም "ሞቷል" ይላል። ባለማሳው "ሰማሁ" ካላለ ቃሉ አይጸናም።

በዚያ ሚያዝያ ሲወርድ የሜዳው ሰው ከጉብታው ሥር ተሰብስቦ ጠበቀው። ካለፈው ወር ጀምሮ ማሳዎቹ ከላይኛው ጫፍ አንድ በአንድ ዝም እያሉ መጥተው ነበር። አራጋው ዘንጓን ተከለ፣ ጠበቀ፣ ቀና አለ።

"ሞቷል።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ባለማሳው፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ነው። "ሰማሁ።"

በሁለተኛው ማሳም፣ በሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። አንዲት ሴትዮ "ሰማሁ" ብላ እጁን ሳመችው። አራጋው ሥራውን በጀመረባቸው ዓመታት "ሞቷል" ሲል ሰው መሬት ላይ ተጥሎ ያለቅስ እንደነበር ያስታውሳል።

ሰው የተለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የእርዳታ እህል የሚወርደው ሰብሉ ለሞተበት ሜዳ ነው። ለተኛበት ሜዳ የመጠበቂያ ስንቅ ይሰጥ ነበር፤ ግን የታሰበው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ይተኛል ብሎ የገመተ አልነበረም። ደግሞም ሜዳው በእርሾው ክር የተያያዘ አንድ አካል ነው ተብሎ ተደንግጓል። አንድ ማሳ በሕይወት ካለ ሜዳው ሁሉ በሕይወት አለ። በማሽላው በኩል ምንም ጥፋት የለም። የተዳቀለው እንዳይሞት ነው፤ አልሞተም።

የመጨረሻው ማሳ የእትዬ ጦይባ ነበር። በደጉ ዘመን ጎርፉ ወርዶ በሚያርፍበት በታችኛው ዳር ነው ያለው። እትዬ ጦይባ ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሰው በመርገጫው ላይ ተሰልፎ አራጋውን ተከትሎ ወረደ። ዘንጓ ስትተከል ማንም አላሳለም።

ቆየ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ። ከዚያ አራጋው ጠብ ስትል ሰማ። እንዳልተሳሳተ ለማረጋገጥ ሌላ ጠበቀ። ደገመች።

"ተኝቷል" አለ።

"ሰማሁ" አሉ እትዬ ጦይባ።

ሌላው ሰው ፊቱን አዙሮ በመጣበት ድንጋይ ተመለሰ።

አራጋው ምሳ የሚበላው የቀበሌው ሊቀመንበር ሙሔ ቤት ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ አልበላም ቢል ይቀየሙታል። የዚያን ቀን የቀረበለት የተላጠ በለስ ነበር፤ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት ብስኩት፣ ለእንግዳ የተቀመጠች። የሙሔ ሚስት ዘሀራ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታባብላለች። ልጅቱ ኑሪያ ትባላለች፤ ገና አርባ ቀኗን ማለፏ ነው።

አራጋው ብስኩቷን ሳይነካ ሳህኑን ወደ ዘሀራ ገፋ አደረገ። ዘሀራ መልሳ ገፋችለት።

"አራጋው፣" አለ ሙሔ፣ "ስምንት ዓመት ስትመላለስ አውቅሃለሁ። ዋሽተህ አታውቅም። እኔ የምልህ፣ የሰው ጆሮ አይደክምም?"

"ይደክማል።"

"እንግዲያው?"

"የእኔ ጆሮ ብቻውን ምን ያደርጋል? እትዬ ጦይባ ሰማሁ ማለት አለባቸው።"

"አናግሬያቸዋለሁ።"

"ምን አሉህ?"

"ውሃ ጠጣ አሉኝ።"

ሁለቱም ፈገግ እንደማለት አሉና ተዉት። ዘሀራ ልጇን ከጡቷ አላቀቀችና የልብሷን አንገት ሰበሰበች።

"ወተቱ ከቆመ ሰነበተ" አለች፤ ስለ ጎረቤት ወሬ የምታወራ ይመስል ድምፅዋ እርግት ያለ ነው። "በስኳር ውሃ ነው የያዝኳት። ስኳሩም አለቀ። ከትናንት ወዲህ ስታለቅስ እንባ የላትም።"

አራጋው በለሱን አስቀመጠ። የተኛን ማሽላ ሞተ ብሎ የተገኘ መርማሪ ሥራውን ያጣል፤ እስርም አለበት። ይህን አሰበ፤ አሳቡ ግን ከጠበቀው ፈጥኖ አለቀ። እጁን ታጠበና ተነሳ።

እትዬ ጦይባ ማሳቸው ዳር፣ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

"ደግሜ ላዳምጥ መጣሁ፣ እትዬ" አለ።

"ጠዋት ሰምተኸው የለም እንዴ?"

"ነፋስ ነበር።"

"ምን ነፋስ ነበረ ልጄ? የግራሩ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።"

ጎንበስ ብሎ ዘንጓን ተከለ። ማሽላው እንደ ጠዋቱ ሁለት ጊዜ ጠብ፣ ጠብ አለ። አራጋው ቀና ብሎ በሚሰማ ድምፅ "ሞቷል" አለ።

እትዬ ጦይባ ፊቱን አዩት።

"እትዬ፣ ሰማሁ ይበሉ።"

"አልሰማሁም።"

"እባክዎ።"

"ያልሞተን ሞተ ማለት በናንተ ቤት ምን ይባላል?"

"ውሸት ይባላል።"

"በኛም ቤት እንደዚያው ነው።"

አራጋው አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ ኑሪያ ነገራቸው፤ ወተቱ መቆሙን፣ እንባዋ መድረቁን። እሳቸው እየሰሙት ከመሬት ስንጥር አንስተው ይሰባብሩ ነበር።

"የኔ ልጅ ሀያት ትባል ነበር" አሉ ሲጨርስ። "አንተ አልደረስህባትም። በአንደኛው እንቅልፍ ነው፤ ያኔ ሰብሉ ገና አዲስ ነበር፣ ጠባዩን የሚያውቅ አልነበረም። ሀያት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚህ እንሂድ፣ ከተማ እንግባ ብላ ለመነችኝ። ታገሺ፣ ይነቃል እያልሁ ያዝኋት። አባቷም ታገሺ አላት። ወደ መጨረሻው ለመለመን እንኳ አቅም አልነበራትም። በቀበርናት ማግስት ደመናው መጣ።"

"እና ነቃ?"

"ነቃ። ባየኸው! በሦስት ቀን ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሰው ከበሮ ይዞ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ ምን ላድርግ? ሲደርስ አጨድሁ፣ ወቃሁ፣ በላሁ። የተረፈው ሰው ሁሉ ከሱ በልቶ ነው ዛሬ የቆመው። ሙሔም ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ከሱ ነው የበላ።" ስንጥሩን ጣሉት። "አሁን አንተ መጥተህ ከነነፍሱ ሞቷል ልበል ትለኛለህ። እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ከነበረ ልጄን ምን ይሁን ብዬ አስታገሥኋት?"

አራጋው መመሪያውን በቃሉ ያውቀዋል፤ እዚያ ውስጥ ግን ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረም።

"ነገ ሊዘንብ ይችላል" አሉ እትዬ ጦይባ።

"ነገ አይዘንብም፣ እትዬ።"

"ያኔም እንዲህ ነበር ያሉት።"

"አዎ። ይህችኛዋ ግን ያኔ እንደነበረችው ዘጠኝ ዓመቷ አይደለም። ብዙ አትጠብቅም።"

ቆይተው እትዬ ጦይባ እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ ያን ጆሮህ ላይ ያለውን ስጠኝ።"

ከመርማሪ በቀር ሌላ ሰው እንዲያዳምጥ አይፈቀድም። አራጋው አውልቆ ሰጣቸው፣ እንዴት እንደሚደረግም አሳያቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ጠብ ስትል መስሚያውን በመዳፋቸው ወደ ጆሯቸው ጠበቅ አደረጉ።

"ያመዋል?" አሉት።

"ሕመም አይደለም፣ ውሃ ነው።"

"ለማን ነው የሚያጠራቅመው?"

"ለራሱ። ዝናብ ሲመጣ በምን ይነሳ?"

መልሰው ሰጡትና ተነሱ። ወዴት እንደሚሄዱ አልነገሩትም። በድንጋዩ ላይ ቀስ እያሉ ሽቅብ ሲወጡ ተከተላቸው። ሙሔ ቤት ደርሰው፣ ሰላምታም ሳያስረዝሙ፣ ዘሀራ አጠገብ ተቀምጠው ሕፃኗን ተቀበሉ። ሻሿን ገልጠው በመዳፋቸው እርግብግቢቷን ዳሰሱ። ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ልጅቱ ዓይኗን ከፍታ አየቻቸውና መልሳ ከደነች። እትዬ ጦይባ ሻሿን አስተካክለው ለእናቷ መለሷት።

"አብሽሪ" አሏት ዘሀራን። ከዚያ ወደ ሙሔ ዞሩ። "ዶማ አለህ?"

ሙሔ ዶማውን ከጣሪያው ሥር አወረደ። ለዓመታት የነካው ስላልነበረ ዝጎ፣ እጀታውም ላልቶ ነበር። ያለምንም ጥያቄ ሽብልቅ ቆርጦ አጠበቀውና ሰጣቸው።

ፀሐይ በረድ ስትል የሜዳው ሰው ሁሉ መርገጫው ላይ ቆሞ ነበር። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። እትዬ ጦይባ ጫማቸውን አወለቁና ከድንጋዩ ወርደው እግራቸውን ማሳው ውስጥ አሳረፉ። ከሰዎቹ መካከል አንዱ "ኧረ!" ሲል ተሰማ። ማሽላው ከተኛ ወዲህ አፈሩን ባዶ እግር ነክቶት አያውቅም፤ እንደ ሊጥ እሺ ብሎ ሰመጠላቸው።

የመጀመሪያውን አገዳ በዶማ ሲመቱት የደረቀ እንጨት ድምፅ አልሰጠም። ነቅለው ሲያወጡት ሥሩ ላይ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ይዘረጋ፣ ይዘረጋና ይበጠስ ነበር። ሁለተኛውን መቱ። ሙሔ ከድንጋዩ አንድ እግሩን ሲያወርድ አዩት።

"ተመለስ!"

"ላግዝዎት እንጂ፣ እትዬ። ብቻዎን ይህን ሁሉ ማሳ?"

"የተኛ ሰብል የገደለ መሬቱን ተነጥቆ ከሜዳው ይወጣል። አንተ ልጅ አለህ። ተመለስ ብያለሁ።"

ሙሔ እግሩን መለሰ። ከዚያ በኋላ የተነቃነቀ የለም፤ የተቀመጠም የለም። እትዬ ጦይባ እየቆፈሩ፣ ወገባቸውን እየያዙ፣ እንደገና እየቆፈሩ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። አራጋው መከልከል ነበረበት፤ ሥራው ነው። ዘንጓን እንደያዘ ከሰው ጋር ቆሞ አየ። ዓይኑን ለማንሳት ፈልጎ ነበር፣ ግን የሚያነሳበት ቦታ አጣ፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ የእሳቸውን ዶማ እየተመለከተ ነበር።

ሲጨርሱ ጠሩት። ገብቶ አዳመጠ። በግራሩ በኩል፣ በጣም ርቆ፣ አንዲት ጠብታ ቀርታለች። በእጁ ሲያሳያቸው ሄደው እዚያው ቆፈሩ። እንደገና አዳመጠ። የራሱን ደም ሲመታ ብቻ ነው የሰማው።

ዘንጓን ነቅሎ አፈሩን ጠረገላት።

"በል እንጂ" አሉት ላባቸውን እየጠረጉ። "ሥራህን ሥራ።"

"ሞቷል።"

"ሰማሁ" አሉ እትዬ ጦይባ፣ ሁሉም እንዲሰማቸው ጮክ ብለው።

ለመሥሪያ ቤቱ ሲያስተላልፍ በድርቅ ሞተ ብሎ ሊያልፈው አስቦ ነበር። እሳቸው አልፈቀዱም። "እንደሆነው ተናገር። ብቻዬን እንደነቀልሁት ተናገር። ሌላ ሰው እንዳታስገባበት" አሉት። እንደሆነው ተናገረ። ዘንጓን ለሰው ማዋሱን ጨምሮ ስለተናገረ የማስጠንቀቂያ ቅጣት ደረሰው።

እህሉ ሳምንት ሳይሞላ ገባ። ከስንዴው ጋር ዱቄት ወተት፣ ከወተቱ ጋር አንዲት ነርስ መጡ። ኑሪያ በመጀመሪያው ቀን የዋጠችውን ሁሉ መለሰችው፤ በሁለተኛው ቀን ግማሹን ያዘች፤ ከዚያ በኋላ ስታለቅስ ጎረቤት የሚሰማት ልጅ ሆነች። እትዬ ጦይባን የሚያስወጣው ትእዛዝም የመጣው በዚያው የጭነት መኪና ነው። ሰው ሊያስቀራቸው ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ግን ሾፌሩ ምን ሥልጣን አለው? ዘሀራ ስንቅ ቋጠረችላቸው። ከመጣው ስንዴ ቆልታ ነው።

አራጋው በመኪናው እስከ ቆቦ አብሯቸው ሄደ። እዚያ የሚቀበላቸው የእህታቸው ልጅ ነበር። መንገዱን ሲያጋምሱ እትዬ ጦይባ ጠየቁት።

"ያን ቀን ውሸትህን ብቀበልህ ኖሮ፣ ማሳዬን ምን ያደርጉት ነበር?"

"እንደሌላው ያቃጥሉት ነበር። አዲሱ እርሾ አሮጌው ላይ አይዘራም።"

"ከነሕይወቱ?"

"ከነሕይወቱ።"

"እንግዲያው ደግ አደረግሁ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማሽላ አልተናገሩም፤ ቆቦ ውስጥ የኪራይ ቤት እንዴት እንደሚገኝ ነበር የጠየቁት።

ሜዳው ተቃጠለ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ሲገባ ግን ደህና ዝናብ ነበር። ማሽላው ቢቆይ ኖሮ ይነቃ እንደሆነ ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረም። ዝናቡን ሁሉም ከየበሩ ቆሞ አየው።

ለቀጣዩ ዘር ሜዳው ተዘጋጅቶ ሲያበቃ ከዋናው ከተማ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። ትሁት ነበረች፤ ሽማግሌዎቹን እየዞረች በሁለት እጇ ጨበጠች። ከኋላዋ የዘሩ ከረጢቶች፣ ከጎናቸው በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነው የእርሾ በርሜል ነበር። አራጋው እንዲያከፋፍል ታዞ በርሜሉ አጠገብ ቆሟል።

"የቀድሞው ዝርያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ይዳከም እንደነበር ከእናንተ ተምረናል" አለች ባለሙያዋ። "ይህኛው ተሻሽሏል። እርሾውም ውሃ ፍለጋ ከቀድሞው በእጥፍ ይወርዳል። ሳይሞት ሰባት ዓመት መተኛት ይችላል።"

ከፊት የነበሩት ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። እንግዳ ሲናገር ማጨብጨብ ልማድ ነው። ከዚያ ጭብጨባው ቆመ።

ዘሀራ ኑሪያን እንዳዘለች ተነሳች። "መተኛቱን ሰማን" አለች። "እሱ ሰባት ዓመት ሲተኛ እኛ ምን እንሆናለን?"

ባለሙያዋ ጥያቄውን በጥሞና ሰማች፤ ፊቷ ላይ ንቀት አልነበረም። "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ግን እኔ የመጣሁት ስለ ዘሩ ነው። የምግቡ ጉዳይ የሌላ ክፍል ነው፤ ለእነሱ አደርስላችኋለሁ።"

"እሺ" አለች ዘሀራና ተቀመጠች።

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ ሰው ከረጢቶቹን እያየ ቆመ። የሚዘራ ሌላ ነገር የለም። ሙሔ እጁን ከረጢት ውስጥ አገባና ዘሩን በጣቶቹ መካከል አንሸራተተው፤ ድቡልቡል፣ ከባድ፣ የሚያምር ዘር ነበር። መልሶ ለቀቀው። ወደ አራጋው ዞር ብሎ ሊናገር ሲል ዘሀራ ቀደመችው።

"አራጋው፣ የሚሞት ዘር የለም?"

አራጋው ቀና ብሎ ወደ ጉብታው አየ። ባለሙያዋ የሄደችበት መኪና አቧራ ገና ጉብታው ላይ ነበር።

"አለ" አለ በመጨረሻ። "ከዚህ በታች፣ በረሃው ዳር ያሉ ሰዎች በየጓሯቸው ይዘውታል። ዝናብ ካገኘ ፈጥኖ ይደርሳል። ካጣ ቀናት አይቆይም።"

"ሲሞት ያስታውቃል?"

"ያስታውቃል። ይደርቃል፣ ይወድቃል። መርማሪ እንኳ አያስፈልገውም።"

ዘሀራ የአንቀልባውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገች።

"እንግዲያው እሱን አምጣልን" አለች።